ሳልበር አብራሪ ላደረጉኝ ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የጦርነቱ ዘመን መታሰቢያ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤንነትን፣ ለወንበርዎ ጽናትን፣ ከበርዎ ላይ ሆና «ስብሰባ ላይ ናቸው» ለምትለው ጸሐፊዎም የማይደክም ጉሮሮ እመኛለሁ። ባለፉት አምስት ወራት አሥራ አንድ ጊዜ ደጅ ስጠና ስብሰባዎ ለአንድ አፍታ እንኳ ተቋርጦ ስላላየሁ ምን ያህል እንደሚደክሙልን ተረድቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁትም ስብሰባ ላይ ጋዜጣ እንደሚነበብ ከልምድ ስለማውቅ እንጂ ለመድፈር አይደለም።

እኔ በጦርነቱ ጊዜ የተዋጊ አውሮፕላን መካኒክ የነበርኩ፣ ዛሬ የጎረቤት ማራገቢያና ሬዲዮ እየፈታሁ የምገጥም ጡረተኛ ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ለመታሰቢያው በዓል ብሎ የአንድ ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል ከነአብራሪው በትንሹ አሠርቶ፣ በመስታወት ሣጥን አድርጎ፣ ቅርስ ለሚሰበስቡ ሰዎች ማዘጋጀቱን አገር ያውቃል። ያ አውሮፕላን እኔ ስጠግነው የኖርኩት ነው። አብራሪውም አንድ ማለዳ ተነሥቶበት እሱም አውሮፕላኑም ሳይመለሱ የቀሩት ሻምበል ነው።

ምስጋናዬን ላስቀድም። የአውሮፕላኑ አሠራር እጅ በአፍ ያስጭናል። በግራ ክንፉ ሥር ያደረግሁበትን ጥፍጣፊ፣ ተመሳሳይ ቀለም አልቆብኝ ትንሽ ደመቅ ባለ ቀለም የቀባሁትን፣ እኔ ራሴ የረሳሁትን፣ ባለሙያዎችዎ ሳይረሱ ሠርተውታል። ለአንዲት ጥፍጣፊ ቆርቆሮ ይህን ያህል የተጨነቀ መሥሪያ ቤት ለሰው ምን ያህል ይጨነቅ ይሆን ብዬ መስታወቱን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ አብራሪውን ስመለከት፣ ክቡር ሆይ፣ እኔ ነኝ።

ቅሬታዬን እንደ ደንቡ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. አውሮፕላን በትራክተር ተጎትቶ ከቦታ ቦታ ሲዛወር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፍሬን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ ያም ሰው መካኒኩ ነው። አንድ ቀን እንዲህ ስጎተት ፎቶ አንሺ ደርሶ አነሣኝ። ሻምበሉ ግን ከበረራ በፊት ፎቶ መነሣት ገድ የለውም ከሚሉት አንዱ ስለነበረ፣ ጠላት ሲመጣ ያልሸሸ ሰው ካሜራ ሲመጣ ከአውሮፕላኑ ጎማ ኋላ ይደበቅ ነበር። በመዝገብ ቤትዎ የተገኘውም በዚህ ምክንያት የእኔ ፎቶ ብቻ ነው። ባለሙያዎችዎ ጆሮዬን ሳያሳንሱ ቀርጸውታል፤ ባለቤቴ ከሩቅ ያወቀችኝ በጆሮዬ ነው። በደረት ኪሴ የነበረችውን ካቻቢቴ እንኳ አልዘነጉም። ቆብ ሳያደርግ ካቻቢቴ ይዞ ጦር ሜዳ የሚበር አብራሪ ምን ዓይነት ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አለመገኘቱ ኮሚቴዎ ምን ያህል ተስማምቶ እንደሚሠራ ያሳያል።

፪ኛ. የሻምበሉ ባለቤት፣ ፊቱን በትክክል ለመቅረጽ ይረዳል ስለተባለች፣ በቤቷ ያለችውን አንዲት ፎቶውን በአደራ ሰጥታችሁ ነበር። አጭር እጅጌ ሸሚዝ ለብሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚስቅበት ፎቶ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ እሷም ሳታንገራግር ሰጠች። ኮሚቴዎ ሁለቱን ፎቶዎች አስተያይቶ «በወንበሩ ላይ ያለው ወታደራዊ ግርማ ሲኖረው ሸሚዝ ለባሹ ግን ይስቃል» ሲል በቃለ ጉባኤ ወሰነ። ባለቤቴ አርባ ሁለት ዓመት ፈልጋ ያጣችብኝን ግርማ በአንድ ስብሰባ ስላገኛችሁልኝ ውለታችሁ አለብኝ።

በምረቃው ዕለት የመጀመሪያው ሣጥን ለሻምበሉ ባለቤት ተሰጠ። ዓይኗ ስለደከመ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያም አጠገቧ ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ ዞራ፣ «ወንድሜ፣ አንተ እዚህ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። አዳራሹ በዚያው ቅጽበት አጨበጨበ። እኔም የምገባበት ጠፍቶኝ እንደ ሌላው ሰው አጨበጨብኩ፤ እስከ ዛሬ ያፍርብኛል እጄ።

፫ኛ. በማግስቱ ስህተቱን ላስታውቅ ቢሮ ቁጥር ስድስት ስቀርብ፣ አብራሪ አለመሆኔን የሚያስረዳ ማስረጃ እንዳመጣ ተነገረኝ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ በተሳፋሪነት በርሬ፣ ከሜዳው ጫፍ ሳናልፍ ቁርሴን በቆቤ ውስጥ እንደመለስኩ በዝርዝር አስረዳሁ። መዝጋቢው የጽሑፍ ማስረጃ ካልሆነ አይያዝም አለ። ደግነቱ፣ በዚያ ቢሮ አዛኝ ሰው አይጠፋም፤ አንዱ ወጣት ሠራተኛ ወደ ኮሪደሩ ወስዶኝ፣ «አባባ፣ ምን አስጨነቀዎት? ዝም ብለው ይቀበሉ እንጂ፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲል መከረኝ። ምክሩን አልናቅሁም። እንድበላ የቀረበልኝ የሞተ ወዳጄ ፊት ሆኖብኝ ነው እንጂ።

፬ኛ. ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ይርሱት። ሞዴሉም እንዳለ ይቅር፤ በየሰው ሳሎን መደርደሪያ ላይ ካቻቢቴዬን ይዤ እኖራለሁ። የምለምነው ያቺን አንዲት ፎቶ ለሻምበሉ ባለቤት እንድትመልሱላት ብቻ ነው። ለዚህ የሰጣችሁት መልስ እንዲህ ይላል፦ ሸሚዝ ለባሹ አብራሪው አለመሆኑ በኮሚቴ ስለተረጋገጠ «ማንነቱ ያልታወቀ ግለሰብ» ተብሎ ተመዝግቧል፤ ማንነቱ ያልታወቀ ግለሰብ ፎቶ ደግሞ የሚሰጠው ባለፎቶው ራሱ በአካል ቀርቦ ሲፈርም ነው። ባለፎቶው በአካል መቅረብ እንደማይችል ብናመለክት፣ የማይችልበትን ምክንያት ራሱ በጽሑፍ ያስረዳ የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ መጣልን። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው።

የዓይን ሐኪሟ ከዚህ ዓመት ወዲያ የሰው ፊት ለይታ እንደማታይ ነግሯታል። ሜዳሊያ አልጠየቀች፣ በስሙ መንገድ ይሰየም አላለች። ባለፈው ሳምንት ቤቷ ሬዲዮ ልሠራላት ሄጄ፣ ሲስቅ የሚሰረጉደው የትኛው ጉንጩ እንደነበረ እንደጠፋባት ነገረችኝና እኔን ጠየቀችኝ። እኔም አላስታወስኩም። ከሁሉም የከፋኝ ይህ ነው፤ የክንፉን ጥፍጣፊ ስፋት ጠይቃኝ ቢሆን በጣቴ ለክቼ እነግራት ነበር።

በመጨረሻም፣ የክቡርነትዎን ስብሰባ በማወኬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ኮሚቴዎ ለሌሎች ጀግኖችም ፊት ከማደል እንዲያርፍ ዕረፍቱን እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝ ላልለፋሁበት ክብር ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ያለ በረራ፣ ያለ ቆብና ያለ ፈቃዱ አብራሪ የተደረገው፣
ታዛዥዎ ጡረተኛው መካኒክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህ ደብዳቤ ዋናው ቅጂ ለቢሮ ቁጥር ስድስት ሲደርስ ፖስታውን ቀስ ብለው ይክፈቱልን። በሻምበሉ ባለቤት ፈቃድ መስታወቱን ከፍቼ ትንሹን ሰውዬ በወረንጦ አውጥቼ ልኬዋለሁ። ባለቤቱ ፎቶው የሻምበሉ ነው ትላለች፤ ኮሚቴዎ ደግሞ ሻምበሉ ይህ ነው ይላል፤ እንግዲህ ሁለታችሁንም ካመንን ባለፎቶው በአካል ቀርቧል። እጁ ከመሪው ጋር ተጣብቆ ስለተሠራ መፈረም አይችልም፤ በእሱ ቦታ እኔ ከታች ፈርሜያለሁ። ለእሱ መፈረም ለእኔ አዲስ አይደለም፤ በዚያች ማለዳም «አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ ነው» ብዬ የፈረምኩለት እኔ ነኝ።