የሄሊኮፕተሩ መውደቅ ምክንያት ኦሉም ነው ላሉን ለፊታውራሪ ንጋቱ

ጋምቤላ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለክቡር ፊታውራሪ ንጋቱ ይርዳው
የእንግዳ አቀባበል ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ እንዲሁም በዚያው አቀባበል ላይ የደረሰውን አደጋ ያጣራው ጉባኤ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? የጋምቤላ ሙቀት አላስቸገረዎትም? እኔ የሟቹ የሙሐመድኑር ባለቤት፣ በገበያው ዳር ልብስ የምሰፋው ነሲባ ሳኒ፣ አላህ ጤናዎን እንዲጠብቅልን፣ ዕድሜዎን እንዲያረዝምልን፣ ከነሐሴ ወዲህ የጠፋብዎትን የማስታወስ ችሎታም እንዲመልስልዎት እየለመንኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ባለፈው ሳምንት በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ያስለጠፉትን የአደጋ ራፖር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ሥራ ደርበው ይዘው፣ እንግዳ ተቀባይም አደጋ መርማሪም ሆነው፣ ራስዎን መርምረው ነጻ ሆነው ስላገኙት እንኳን ደስ ያለዎት። ይህን ወረቀት መንገድ ላይ ቆሞ የሚያነብ ሌላ ሰው ቢኖር ነገሩ ግራ እንዳይገባው ከመነሻው ልናገር። ክቡርነትዎ የሚያውቁት ስለሆነ ይህን ክፍል ቢዘሉት አልቀየምም።

ባሮ ሞልቶ የኢታንግን ሰው ውኃ በከበበው ጊዜ፣ መድኃኒትና አንድ ትልቅ እንግዳ የያዘ ሄሊኮፕተር ከአዲስ አበባ እንደሚመጣና እዚሁ ጋምቤላ በትምህርት ቤቱ ሜዳ እንደሚያርፍ ተነገረን። አብራሪው ከላይ ሆኖ የሚያየው ነጭ ምልክት ያስፈልጋል ስለተባለ ከአቡጀዲ ትልቅ መስቀለኛ ጨርቅ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ሜዳው ላይ የዘረጋው ደግሞ የሜዳው ዘበኛ ኦሉም ነው። ሐሙስ ነሐሴ 18 ቀን ረፋድ ላይ ሄሊኮፕተሩ መጣ፣ ዝቅ አለ፣ ወደቀም። አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

አንደኛ። ራፖሩ «ዘበኛው ኦሉም ጨርቁን በድንጋይ ሳያስይዝ በቸልተኝነት በመተዉ» ይላል። ኦሉም ግን ሁለት ቀን ሙሉ ከባሮ ዳር ድንጋይ በጆንያ ተሸክሞ ሲያመላልስ ውሎ የጨርቁን ጠርዝ ዙሪያውን አስይዞት ነበር። ሐሙስ ጠዋት ክቡርነትዎ ሜዳውን ሊጎበኙ መጡና ድንጋዮቹን ሲያዩ ፊትዎ ተለወጠ። «ይህ ምንድን ነው? መቃብር አስመሰላችሁት እኮ! እንግዳ መቃብር ላይ ይወርዳል? አንሱልኝ!» አሉ። ኦሉም ባርኔጣውን አውልቆ «ጌታዬ፣ እሱ ሲመጣ ንፋስ ያመጣል» ቢልዎት እጅዎን ወደ ሰማይ ዘርግተው «የታለ ንፋሱ?» ብለው ጠየቁት፤ አጠገብዎ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። አልዋሽም፣ እኔም ፈገግ ብያለሁ። በችንካር እንምታው ብዬ ሐሳብ ባቀርብም «ነሲባ፣ አንቺ መርፌሽን ጠብቂ» አሉኝ። ኦሉም ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያነሳ ሜዳው ጥግ ከመራቸው። ማንም አልነካቸውም፤ ዛሬም ሄዶ ማየት ይቻላል።

ሁለተኛ። ጉባኤው «ያልተጠበቀ ብርቱ ንፋስ» የሚል ተጨማሪ ምክንያት ስላገኘልን እናመሰግናለን። ይህ ንፋስ ከሄሊኮፕተሩ ጋር አብሮ መምጣቱን፣ ሄሊኮፕተሩ ወድቆ ሞተሩ ሲጠፋም አብሮት ቀጥ ማለቱን ጉባኤው ያላስተዋለው ሥራ ስለበዛበት ይሆናል። በከተማው ግምት አልጠፋም። ጨው ሻጩ ፈረጅ ነዳጁ ውኃ ገብቶበት ነው ይላል፤ መምህር ተክሌ ደግሞ እንግዳው ባሮን ፎቶግራፍ ሊያነሱ ብለው አብራሪውን ሁለት ጊዜ ስላዞሩት ቀልቡ ተከፋፍሎ ነው ይላሉ። እኔ የሰፋሁትን ጨርቅ ስለማውቀው ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቀልኩም ነበር። አንደኛው ጫፍ ተነሳ፤ ከዚያ ሁሉም ተነሳ፤ ተጠቅልሎ ወደ ኋላ ሄደና በጭራው በኩል በምትሽከረከረው ትንሽ ክንፍ ተያዘ። ሄሊኮፕተሩ በራሱ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞሮ በጎኑ ወደቀ። ከዚህ የተሻለ ግምት ያለው ሰው ካለ ለመስማት ዝግጁ ነኝ፤ ነገር ግን «ድንጋዩን ማን አስነሳው?» የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ እንዳያልፍ አደራ እላለሁ።

ሦስተኛ። ራፖሩ «በዘበኛው መዳፍ ላይ ቃጠሎ መታየቱ በአደጋው እጁ እንዳለበት ያመለክታል» ይላል። ይህች ዓረፍተ ነገር እጅግ አስደነቀችኝ። እንግዳው በደህና ወጥተው ነበር። አብራሪው ግን እግሩ ተሰብሮ ውስጥ ቀርቶ ይጮኽ ነበር፤ ነዳጅ ይሸታል፤ ሁላችንም ሸሸን። ክቡርነትዎም በዚህ ዕድሜዎ እንዲያ መሮጥዎን ሳይ ማሻ አላህ አልኩ። ወደዚያ የሮጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ኦሉም የጋለውን ብረት በባዶ እጁ ገፍቶ አብራሪውን በብብቱ ይዞ አወጣው። መዳፉ የተላጠው በዚህ ነው። እውነትም እጁ አለበት።

አራተኛው ቅሬታዬ በክቡርነትዎ ላይ ብቻ ሳይሆን በራሴም ላይ ስለሆነ ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ።

ጳጉሜን 3 ቀን ሱቄ ድረስ መጡ። ኦሉም ታስሮ ወደ ጎሬ መወሰዱን ነግረውኝ እጅግ ማዘንዎን ገለጹልኝ። ቀጥለውም ከኪስዎ ወረቀት አውጥተው «እህቴ፣ እሱን ለማስፈታት የምስክርነት ቃል አዘጋጅቼልሻለሁ፤ እዚች ላይ ፈርሚ» አሉኝ። ጅማ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ማንበብ አያቅተኝም። ነገር ግን ሙሐመድኑር በተቀበረ ዕለት በለቀስተኛው ፊት ቆመው «ከዛሬ ጀምሮ ነሲባ የእኔ እህት ናት፤ የነካት እኔን ነካ» ያሉት ክቡርነትዎ ነዎት። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ ቃል ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለኝ ሰው የሰጠኝን ወረቀት ፊት ለፊቱ ማንበብ እሱን መጠርጠር መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝና ፈረምኩ። ለኦሉም ስላሰቡለትም አመሰገንኩዎት።

በራፖሩ አባሪ ላይ፣ ከስሜ በላይ፣ «ድንጋይ እንዲያደርግበት ደጋግሜ ብነግረው ኦሉም እምቢ አለኝ» የሚል ቃል ተጽፎ አገኘሁ። ፊርማው የእኔ ነው። ኦሉም ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ ታስሮ የቆየው በእኔ ቃል ነው።

ራፖሩን ባነበብኩበት ዕለት ወደ ኦሉም ባለቤት ወደ አኬሎ ቤት ሄድኩ። ዓሣ እያጠበች ነበር። እንደምንም ብዬ ነገርኳት። ቢላዋዋን አስቀምጣ «ነሲባ፣ እዚያ ወረቀት አንቺ ስም አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። «አንቺ እጅ ጻፈ?» አለችኝ። የእኔ እጅ ነው አልኳት። «እሺ» አለችና ዓሣዋን ማጠብ ቀጠለች። ሰድባኝ ቢሆን፣ ደብድባኝም ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ክቡርነትዎ ከዚህ «እሺ» ስለዳኑ እግዚአብሔርን ያመስግኑ።

በማግስቱ በጭነት መኪና ጎሬ ወጣሁ። ዳኛው ሰምተውኝ ሲያበቁ «በገዛ ፊርማሽ ላይ ከመሰከርሽ በሐሰት ምስክርነት ትከሰሻለሽ፤ ገብቶሻል?» አሉኝ። ገብቶኛል፣ ይጻፍልኝ አልኩ። ተጻፈ፤ በዚህ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አንብቤ ፈረምኩ። ኦሉምን በእስር ቤቱ አጥር በኩል አሳዩኝ። የተቃጠለው እጁ ገና በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው። ያደረግሁትን ነገርኩት። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አብራሪው ዳነ?»

አላውቅም ነበር፤ አፈርኩ። አንዲት ነርስ ጠይቃልኝ መዳኑን ያወቅሁት ተመልሼ ከመጣሁ በኋላ ነው። ለኦሉም ደብዳቤ ልኬለታለሁ።

የኦሉም መዝገብ እንደገና እንዲታይ ለኅዳር 15 ቀን ተቀጥሯል፤ የእኔም ክስ በዚያው ዕለት ይሰማል። አብረን እንቆማለን። ትናንት አኬሎ ሱቄ መጥታ በሩ ላይ ቆመችና «እኔም ጎሬ እሄዳለሁ» አለችኝ። ይቅርታ አድርጋልኛለች ብዬ ግን አልገምትም።

ክቡርነትዎ ለዚህች ከተማ ስለደከሙት ድካም፣ ለእኔም ወንድም ሆነው ስላስተማሩኝ ትምህርት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከእንግዲህ ግን በመንገድ ሲያገኙኝ እንደ ማንኛውም ሰው «ነሲባ» ብለው እንዲጠሩኝ፣ «እህቴ» የሚለውን ስም ለሚችሉት እንዲያቆዩት እጅ ነስቼ እለምናለሁ።

የፈረመችውን አንብባ የፈረመች፣
ነሲባ ሳኒ
ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦ ለጎሬ ፍርድ ቤት፣ ለትምህርት ቤቱ ሜዳ በር፣ ለገበያው ትልቁ ዛፍ

በድጋሚ፦ ኅዳር 14 ቀን ማለዳ ወደ ጎሬ በሚወጣው የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ አንድ ቦታ አስይዤልዎታለሁ። መጥተው «ድንጋዩን ያስነሳሁት እኔ ነኝ» ለማለት ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅብዎትም፤ መንገዱ ግን ቀኑን ሙሉ ነው። አኬሎ በመስኮቱ በኩል ስለምትቀመጥ፣ እኔም በሾፌሩ በኩል ስለያዝኩ፣ ክቡርነትዎ መሃላችን ይሆናሉ።