ያልነገርኩሽ ቃለ መጠይቅ

ናፉላ፣

ከለቅሶ ስትመለሺ አታገኚኝም። ወደ ካፕሳቤት ከተማ የሚሄደው መኪና ማልዶ ስለሚወጣ ሄጃለሁ።

ድስቱ ውስጥ በቆሎና አደንጓሬ ቀቅዬልሻለሁ፤ አሙቀሽ ብዪ። ቁልፉ አከራያችን ማማ ዊክሊፍ ጋ ነው። ውሃ ሐሙስ ይመጣል።

ማማ ዊክሊፍ "ጄሩቶ ሥራ አገኘች፣ አንቺስ?" ማለቷ አይቀርም። ከእሷ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ።

ሁለታችን በኢንተርኔት ያመለከትንበት፣ ለአንድ የኬሚስትሪ መምህር ቦታ አራት መቶ ሰው የተመዘገበበት የካፕሳቤት ትምህርት ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶን ነበር። ሁለታችንንም።

ስልክሽ ከተሰበረ ወዲህ ኢሜይልሽ የሚከፈተው በእኔ ስልክ ስለሆነ ጥሪሽን ያየሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን በወንድምሽ ስልክ ደውለሽ "ከሥራው ምን ወሬ አለ?" አልሽኝ። "ምንም የለም፣ አንቺ እናትሽን ቅበሪ" አልኩሽ።

ላንቺ አዝኜ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ግን ቀብሩ ቅዳሜ ነበር፣ ቃለ መጠይቁ ማክሰኞ። መድረስ ትችዪ ነበር።

ማክሰኞ ስምሽን ሦስት ጊዜ ጠሩት። እዚያው ተቀምጬ የራሴን ተራ ጠበቅኩ።

እናትሽ እኔንም ልጄ ትለኝ ነበር። ቀብሯ ላይ ያልቆምኩት ለዚያ ቃለ መጠይቅ ሳጠና ነው።

አዲስ የሥራ ማስታወቂያ ወጥቷል፤ ዓርብ ይዘጋል። ስልኬን አልጋሽ ላይ ትቼልሻለሁ። ቅጽሽን ሞልቼዋለሁ፣ ዲግሪሽም ገብቷል፤ አንብቢውና አንቺው ላኪው።

ከዚያ የኢሜይልሽን የይለፍ ቃል ቀይሪ። ለማንም አትንገሪው፤ ለእኔም ቢሆን።

ጄሩቶ