ሞራ የጠጣው እጀታ

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ፤ መሐል ሜዳ

ከገበያ ስመለስ በኮምፒውተር የአውሮፕላን ጌም የምጫወትበት የሞተር ኃይል መጨመሪያ እጀታ በበግ ሞራ ተለውሶ ጠበቀኝ። የአባባ ሥራ ነው። ጠዋት እጀታው በብርዱ ጠጥሮ ሲያስቸግረኝ አይተዋል። የፈረሳቸውን ልጓም እንደሚያለዝቡት ሁሉ ሞራ አቅልጠው በየስንጥቁ አፈሰሱበት።

«ቆዳም ሲደርቅ እንዲህ ነው፤ አሁን ይለዝብልሃል» አሉኝ።

ሞራው በዚህ ውርጭ ረግቶ ውስጡን ደፍኖታል። ለአብራሪነት ተፈትኜ በዓይኔ ምክንያት ከወደቅሁ ወዲህ የቀረኝ በረራ ይኸው ነበር። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ቤቱ ሆኖ እየተለማመደ ነው፤ ይጠሩታል» ይላሉ። ማን ነው የሚጠራኝ? ስንቴ ነገርኳቸው።

«እስቲ አስነሳው» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። እጀታውን ብገፋው ንቅንቅ አልል አለ። አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ላይ እንደቆመ ያጓራል።

«ተነሳ?» አሉ። የእሳቸውም ዓይን ደክሟል፤ ድምፁን ብቻ ነው የሚከታተሉት።

«ተነሳ፣ አባባ።»

ፊታቸው በራ። ከእጀታው አጠገብ ያለውን የአውሮፕላኑን መሪ፣ ጆይስቲኩን፣ በእጃቸው ዳበስ አደረጉና «አላልኩህም? ይችንም ነገ እቀባልሃለሁ» አሉኝ።