ቴሌቪዥኑን ያጠፋሁ ዕለት

ቀጮ ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? እኔማ እዚህ ከተማ ከመጣሁ ጀምሮ የማያውቀኝ ሰው የለም!

ስማ፣ ጸጉሬን ልቆረጥ አንድ ጸጉር ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን አለ፤ ጦርነት፣ ጎርፍ፣ እንደገና ጦርነት። እኛ ሰፈር ዜና ሲጀምር ሰው ወደ ኳስ ይቀይራል፤ እዚህ ግን ሁሉም ፈዞ ያያል። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ስለ ጌታ ለመናገር ማንን ፈርቼ! ግማሽ ጭንቅላቴ ተቆርጦ፣ ፎጣው አንገቴ ላይ እንዳለ፣ ብድግ አልኩና ሶኬቱን ነቀልኩት። «በቃ! የምስራቹን ከእኔ ስሙ!» አልኩ።

ጸጉር ቆራጩ ሽማግሌ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ መልሰህ ሰካው! ልጄ እዚያ ጦርነት ውስጥ ነው ያለው። ከደወለ ወር አለፈው» አሉኝ።

መልሼ ሰካሁትና አጠገባቸው ቆሜ ዜናውን እስከ መጨረሻው አብሬያቸው አየሁ። ልጃቸው ግን አልታየም።

ከዚያ ቀስ ብዬ «አባባ፣ ጌታ እኮ እዚያም አለ። ልጅዎን እርስዎ ባያዩት እሱ ያየዋል» አልኳቸው።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ባልሆንማ ሶኬት እነቅል ነበር?»

ሳቁ። አንገቴ ላይ ባለው ፎጣ እንባቸውን ጠረጉና «በል ጸልይልኝ» አሉኝ። ሰዓት ሙሉ የምጸልየው ሰውዬ በሁለት ቃል ጨረስኩ።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። እናትህን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፣ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሰላም በልልኝ። የጸጉር ቆራጩን ልጅ በጸሎት አስቡት። ስሙን መጠየቅ ረስቻለሁ፤ ጌታ ግን ያውቀዋል።