ለስላሳው መሬት

ለወንድሜ ለወልዱ፣

እንደምን ከርመሃል? የጨንቻ ብርድ ጉልበትህን እንዴት አድርጎታል? ባለቤትህ ዘነቡስ ወገቧን ተሻላት ወይ? ትንንሾቹስ? እንሰቱስ እንዴት ይዞታል? እኔ ምስጋና ለመድኃኔዓለም አለሁ። ደኅና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም፤ ከምጸየፈው ነገር መሀል ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ስልክ ብደውልልህ «ተያቸው፣ ልጆች ናቸው» ብለህ ዘጋህብኝ። ወረቀት ግን አይዘጋም።

ነገሩ የልጅህ የላቀው ነው። በጥር ከአዋሽ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ ጊዜ፣ አባታችን አለቱ ላይ የሠራት ቤት ግድግዳዋ ተሰነጠቀ። ጣት የማያስገባ ስንጥቅ ነው፤ በጭቃ መርጌ ደፈንኩት። ላቀው ግን «ድንጋይ ሊጫነን ነው» ብሎ ወንዙ ዳር ባለው ባዶ ቦታ ቆርቆሮ ቤት ቀለሰና ሚስቱን አዲሳለምን ይዞ ወረደ። አሁን የስምንት ወር እርጉዝ ናት። ክረምቱም ገብቷል።

ወንዝ ስልህ እናታችን ፈትል ታጥብበት የነበረው እንዳይመስልህ። አሁን የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የሞተ ውሻ ነው የሚወርድበት። ቦታ ለማስፋት የሚሻማው ሁሉ በገልባጭ መኪና ፍርስራሽ እያስደፋበት ውሃው ጠብቦ ቦይ አክሏል። ከዚያ ያው ሰው ከሽታው የተነሣ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔን የሚያቅለሸልሸኝ ውሻው አይደለም፣ ሰውየው ነው።

ላቀው ቦታውን የወደደበትን ምክንያት ስማና ወይ ሳቅ ወይ አልቅስ። ሸማኔ ቤት ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያስበው እግሩን ከትቶ የሚሠራበትን ጉድጓድ ነው። አባታችን አለቱን በመሮ እየፈለጠ ስንት ቀን እንደታገለ ታስታውሳለህ። ላቀው ታች ወርዶ አካፋውን ቢሰካ ዘው አለለት። «አክስቴ፣ መሬቱ ቅቤ ነው! ከምሳ በፊት ጨረስኩት!» እያለ ሽሮ ሜዳን አዳረሰ። መሬቱ ለምን እንደለሰለሰ የጠየቀ ግን አልነበረም።

የጠየቀችው የባለሱቁ የሸፊ ልጅ ሀያም ናት፤ በጀርባዬ ያዘልኳት። ዩኒቨርሲቲ ስለ መሬትና ስለ ድንጋይ ትማራለች። አዲሳለምን ልትጠይቅ መጥታ ጉድጓዱን ስታይ ጎንበስ አለችና «እትዬ ምሥራቅ፣ የጉድጓዱን ግድግዳ አዩት?» አለችኝ። አየሁት። ከላይ ገልባጭ የደፋው ብሎኬትና ፌስታል፣ ከሥሩ የገማ ጥቁር ጭቃ፣ ከዚያ ደቃቅ አሸዋ፣ ከዚያ እንቁላል የሚያህል ድቡልቡል ጠጠር፣ ከጠጠሩ ሥር ደግሞ እንደገና ጭቃ። ጠጠሩን የሚያንከባልለው ኃይለኛ ጎርፍ ነው አለችኝ፤ ጠርዙ ተልጎ የደበለበለው ከእንጦጦ ሲወርድ በመንገድ ነው። ውሃው ሲደክም አሸዋውን ይጥላል፣ ሲተኛ ጭቃውን ያስቀምጣል። ልጅህ ቤት የሠራው ወንዙ በየጊዜው እየመጣ ከሚተኛበት ላይ ነው።

ላቀው ሳቀባት። «አንቺ የምታወሪው የኖኅን ዘመን ነው» አላት። እሷም ከጠጠሩ ሥር ካለው ጭቃ አንድ ነገር በእንጨት ጎልጉላ አወጣች፤ የልጅ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ። «ኖኅ ኮንጎ ያደርግ ነበር?» አለችው። ጫማው ከሥር ከሆነ ጠጠሩ የመጣው ከጫማው በኋላ ነው። ጎርፉ የእኛው ዘመን ጎርፍ ነው። የማን ልጅ እግር ነበረበት ይሆን?

ስለ መንቀጥቀጡም ጠየቅኳት። የምድር ቅርፊት እንደተሰበረ ገል ነው፣ ስባሪዎቹም ይሄዳሉ አለች። ያንተ ጨንቻ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ነው፤ ከታች የአባያ ሐይቅ ያለበት መሬት እየተለጠጠ የሰመጠ ነው። አባያን ያቀላውም ከደጋው የታጠበው አፈር ነው፤ ከማሳህም እዚያ ታች የተኛ አይጠፋም። ሁለቱ ወገን የሚራራቀው ጥፍር ከሚያድገው ባነሰ ፍጥነት ነው። መሬት እንኳ ቀስ ብላ ነው የምትለያየው፤ አንተ የአባታችን ሣልስት ሳይወጣ ነው ጥለኸኝ የሄድከው። ላቀው የሸሸው መንቀጥቀጥም ቢሆን፣ አለት ላይ ያለ ቤት ቢሰነጠቅ ነው፤ የሚብሰው እርጥብ አፈር ላይ ያለው ነው አለችኝ።

ይህን ለላቀው ብነግረው «አክስቴ፣ በስተርጅና ፊደል ቆጠርሽና አሁን ደግሞ ጭቃ ማንበብ ጀመርሽ?» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀብኝ። ትናንት ሲዘንብ ጉድጓዱ ከሥሩ አመነጨ፤ ጥቁር፣ አረፋ ያለው ነገር። በባልዲ ቀድቶ ደፋና እግሩን በፌስታል ጠቅልሎ ሽመናውን ቀጠለ! የሙሽራ ቀሚስ ነው እኮ የሚሠራው! አዲሳለም ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ጥግ ይዛለች። እሷ ያለ ባሏ አትወጣም፤ እሱ ከአንተ በቀር የማንንም ቃል አይሰማም።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ድርና ማግ ሊገዛ ሲወጣ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። በቤታችን ሴት ትፈትላለች እንጂ እዚያ እግሯን እንደማትከት ታውቃለህ። ሲመለስ «ኧረ አክስቴ ውጪ፣ ሰው ይስቅብናል!» አለ። ይሳቅ። መቀመጫው ላይ ተደላድዬ ወረቀቴን አወጣሁ። ሀያም ጽሑፉን በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። አንተ ለልጅህ ደውልና «ሚስትህን ይዘህ አክስትህ ቤት ውጣ» በለው። እስክትደውል አልወጣም።

ለዘነቡ ወገቧን እንድታስር ንገርልኝ። ትንንሾቹን ሳምልኝ፣ የአጎታችንን የባጫን ጉልበት ሳምልኝ። ሸፊም ሰላም ብሎሃል። አዲሳለም ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጣ «አባባን ሰላም በይልኝ» ትላለች፤ አንድ እጇ ትከሻዬ ላይ፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው።

ይህን ስጀምር ውሃው የእግሬን ጣቶች ብቻ ነበር የነካው። አሁን ቁርጭምጭሚቴን አልፏል።

እኅትህ ምሥራቅ
ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ
ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.