የማይሸተኝ ቢራ

ኅዳር 1 ቀን 1989፣ እሑድ። ከሰ. 10፡00

ሁለተኛው ብርጭቆ። አረፋው ጥሩ፤ ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቶሎ የማይጠፋ። ቀለሙ የገለባ። ምላስ ጫፍ ላይ ጣፈጥ፣ ጉሮሮ ላይ መረር ይላል። ሽታ፦ የታጨደ ሣር፣ ማር፣ ትኩስ ዳቦ።

ውሸት ነው፣ ማስታወሻዬ። ሣሩንም ማሩንም የጻፍኩት ድሬስደን ተማሪ ሳለሁ ከማውቀው ነው። ከዚህ ብርጭቆ ምንም አልሸተተኝም። አፍንጫዬ አረፋ እስኪነካ ድረስ ሳብኩ። ቅዝቃዜ ገባ። ሌላ የለም።

ጠርሙሶቹን የላከልኝ ግርማ ነው፤ ጀርመን አገር አብረን የተማርን። ለሥራ ሄዶ ሲመለስ በካልሲ ጠቅልሎ አመጣቸው፣ ከአ.አ. በአውቶቡስ ሰደዳቸው። አራት ዓይነት፦ ይሄ የምጠጣው ፒልስ፣ የስንዴ ቢራ፣ የጭስ ቢራ፣ ከባዱ ቦክ። ተለማመድባቸው ብሏል። ማቀዝቀዣ የለንም፤ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ጓዳ ጥግ አኖርኳቸው። ፒልሱን የከፈትኩት ሚስቴ አስቴር ቤተ ክርስቲያን ሳለች ነው። ጴንጤ ናት። ጠርሙስ ቤቷ ውስጥ ማየት አትወድም፣ ግን ተናግራኝ አታውቅም።

አለቀ። ጠርሙሱን አጠብኩት። ለምን እንዳጠብኩት እንጃ።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ። ጠዋት

ሥራ ከመግባቴ በፊት። እዚህ አርባ ምንጭ፣ ላይኛው ሰፈር ሴቻ፣ አንድ ሆቴል መጋዘን ውስጥ የቢራ ሣጥን እረከባለሁ፣ የቢራ ሣጥን አስረክባለሁ። ቢራ መጥመቅ ባሕር ማዶ የተማርኩ ሰው። የበርሊን ግንብ ሲፈርስ ተመለስኩ። አገር ቤት መንግሥት ተለወጠ፣ የተቀጠርኩበት ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ቀነሰ። አስቴር ለማስተማር እዚህ ስትመደብ ተከትያት መጣሁ። አርባ ምንጭ ውስጥ ጠማቂ ምን ያደርጋል።

አሁን አ.አ. ውስጥ አዲስ ቢራ ፋብሪካ ሊከፈት ነው። ግርማ ገብቷል። ቀማሽ ይፈልጋሉ። ፈተናው በወሩ መጨረሻ፤ ስማቸው የተደበቀ ቢራዎች በብርጭቆ ይደረደራሉ፣ ዓይነታቸውንና ጉድለታቸውን ለይቶ መናገር ነው። ግርማ ለጀርመኑ ኃላፊ ስሜን ሲሰጠው፣ የዚህ ሰው አፍንጫ የውሻ ነው ብሎታል።

ነበር። መስከረም ላይ ወባ ጣለኝ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ማሽተቴ ሳይመለስ ቀረ። ዶ/ሩ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለና ሌላ በሽተኛ ጠራ።

ትናንት ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ወርጄ ገበያውን ዞርኩ። ዓሣ፣ ላምባ፣ በርበሬ፣ የበሰበሰ ማንጎ። በየሻጩ ፊት እያጎነበስኩ ሳብኩ። አንዷ ዓሣ ሻጭ የናቅኋት መስሏት ተቆጣች። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነው፣ ሽታው ገደለን፣ መስኮት ክፈቱ አትክፈቱ እያሉ ተጨቃጨቁ። እኔ መሐላቸው እንደ ድንጋይ።

ለአስቴር አልነገርኳትም። ለግርማም።

ኅዳር 6፣ ዓርብ። ማታ 1፡00

አወቀች።

ወተቱን ሰጠችኝ፣ እስቲ አሽትተው፣ ሙቀቱ አበላሽቶት እንደሁ አለች። ሳብኩ። ደህና ነው አልኳት። ከሻይ ጋር ቀላቅላ አንዴ ተጎነጨችና ወደ ደጅ ሮጣ ተፋችው። ስትመለስ አልጮኸችም። ጣሳውን እንደገና ይዛ መጣች፣ አፍንጫዬ ሥር አደረገችው፣ ዓይኔን እያየች።

"ምን ይሸትሃል?"

ጣሳውን ከእጇ ወስጄ አስቀመጥኩት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ከወባው ወዲህ አልኳት። ተቀመጠች። ያኔ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ጨርቅ እየቀየረችልኝ ያደረችው እሷ ናት። የከፋት መታመሜ አይደለም፣ መደበቄ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ወጡን ጣፈጠኝ እያልክ ነበር አለችኝ። እውነቷን ነው። ወጡ ጨውና የበርበሬ ቃጠሎ ብቻ ነበር፤ ጣፈጠኝ እያልኩ እበላ ነበር።

የፈተናውን ነገር ጨምሬ ነገርኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

ኅዳር 8፣ እሑድ። ከሰ. 11፡00

ሳልረሳው ልጻፈው።

አስቴር ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። የመዘምራን ልብሷን አጣጥፋ አስቀመጠች፣ በሩን ዘጋች፣ መስኮቱን ዘጋች። ነጠላዋን አስተካክላ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች።

"አምጣው። እኔ ልቅመስልህ።"

አይሆንም አልኳት። እድሜ ልኳን አልኮል በአፏ አልዞረም። አባቷ ደጋው ላይ፣ ባደገችበት ጨንቻ፣ በመጠጥ ነው የጠፋው፤ ከዚያ ወዲህ እናቷ ቤት የአገሩ የእህል መጠጥ፣ ቦርዴ እንኳ አይገባም። አሁንም አምጣው አለች። የስንዴውን ቢራ ከፈትኩ። ደፍረስ ያለ፣ አረፋው እንደ ጥጥ የተቆለለ። መጀመሪያ አሽትቺ፣ አትቸኩዪ፣ ብርጭቆውን አዙሪው አልኳት። አሸተተች። ግራ ገባት። ደግማ አሸተተች።

"ሙዝ ነው" አለች።

ቀጥዪ አልኳት።

"ሙዝ። የዚሁ የጫኖ መንደር ሙዝ፣ በጣም የበሰለው፣ ልጣጩ የጠቆረው። ደግሞ ቅርንፉድ አለበት። ቢራ ውስጥ ሙዝ ይጨምራሉ እንዴ?"

አይጨምሩም፣ ማስታወሻዬ። እርሾው ነው የሚያወጣው። እኔ የሙዙን ሽታ ለይቼ ለመናገር አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል። እስክደክም ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች። ጉንጯን ሞልታ ቀመሰች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ እንደገና ቀመሰች። ለስላሳ ነው፣ እንደ አጥሚት አለች። እኔም ጠጣሁ። ምላሴ ላይ ብቻ ነበር ያለው፤ እሷ ሙዝ ስትል ግን ለቅጽበት የመጣልኝ መሰለኝ። አልመጣም። ቢሆንም ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ጥሩ ነገር አልጠጣሁም።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ። ከሰ.

ቴሌ ሄጄ ተሰልፌ ግርማን አገኘሁት። ማሽተት እንደማልችል ነግሬ ፈተናውን ልተው ነበር የደወልኩት። ነገርኩት።

"ስማ፣ በፈተናው ቀን የምቀዳው እኔ ነኝ" አለኝ። "ቅደም ተከተሉን ቀድሜ እነግርሃለሁ። አንተ አሽትተህ፣ አስበህ፣ ትናገራለህ።"

ከዚያስ አልኩት። ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ነው፣ ቀን በቀን እንወጣዋለን አለ። አስብበት ብሎ ዘጋ።

ሲቀላ እስክደርስ በእግሬ ወረድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። እፍረት የሚባል ነገር አልነበረብኝም። የአ.አ. ቤት፣ የአስቴር ዝውውር፣ የቀማሽ ነጭ ካፖርት ታየኝ። ሽቅብ ስመለስ ሐሳቡ እግሬ ላይ ከበደኝ።

ማታ ነገርኳት።

"ከገባህ በኋላ ማን ይቀምስልሃል?" አለች ብቻ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ። ማታ

የጭስ ቢራው። ሥራው ቢቀርም ባይቀርም አንዴ ጀምረናል አለች፤ እኔም ልቤ ለሁለት እንደተከፈለ ነው። ብቅሉ በእንጨት ጭስ ይደርቃል ብዬ ሳላስረዳት ነው የሰጠኋት። አንዴ አሸተተችና ብርጭቆውን አስቀመጠችው።

"የቤታችን ነው" አለች። ጨንቻ ያደገችበት የቀርከሃ ቤት፤ ጭሱ ጣሪያው ላይ ዓመት ከዓመት የተጋገረበት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ የአባባ ቡሉኮ አለች። ማታ ማታ ሰክሮ ሲመጣ ከደጅ አንሥታ ታስገባው የነበረችው እሷ ነች። ስትሸከመው የሚሸታት ይሄ ነበር፣ ጭስና መጠጥ።

ጠርሙሱን ላነሣ ስል ተወው አለች። ጨረሰችው፣ በዝግታ፣ እንባዋ እየወረደ። ጥሩ ነው፣ ምን ላድርግ ጥሩ ነው አለች። እኔ ላምጣላት ያልኩት ደስታ ይሄ ነው? እኔም ባል ነኝ እላለሁ።

ኅዳር 15፣ እሑድ። ከሰ. 10፡00

አስቴር ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ እናቷን ለማየት ጨንቻ ወጥታለች፤ ነገ ነው የምትመለሰው። ብቻዬን መሆን አቅቶኝ የራሴን ቢራ ከፈትኩ። ከወር በፊት የጠመቅሁት፤ የጨንቻ ገብስ፣ ራሴ ያበቀልኩት ብቅል፣ ግርማ የሰጠኝ የፈረንጅ ጌሾ። ከሲቀላ በገዛሁት ጀሪካን ውስጥ የከረመ። ቀለሙ ወርቅ። ጣፋጩና መራራው ተመጣጥኗል፣ ምላሴ እስከዚህ ይነግረኛል።

ጎረቤታችንን ጋሽ አንጁሎን ጠራሁ። ሸማኔ ናቸው፣ እንደ ሚስቴ የጨንቻ ሰው። ሁለት ብርጭቆ ጠጡ።

"ጥሩ ናት" አሉኝ። "እጅህ ጥሩ ናት።"

ሦስተኛ ቀዳሁላቸው። እየተሳቀቁ ጠጡ። ትሕትና መሰለኝ። ምናልባት አፍንጫ ብቻ አይደለሁም ስል አሰብኩ። ምናልባት ፈተናውን እሞክራለሁ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ። ከሰ. 9፡00

ላምባ።

አስቴር ገና ከመግባቷ የጠመቅሁትን እንድታሸትትልኝ ጠየቅኳት፤ ጀሪካኑን ከፈተች፣ ፊቷን አዞረች። ላምባ የነበረበት ጀሪካን ነው አለች። አጥቤው ነበር። ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ አሽትቼ፣ ንጹሕ ነው ብዬ። አሽትቼ።

ሮጬ ወደ ጋሽ አንጁሎ ቤት። ሸማ መሥሪያቸው ጉድጓድ ባዶ። መደብ ላይ ተጋድመዋል፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው ሳህን ይዘው። ሲያስመልሳቸው አድሯል። ጠዋት ጤና ጣቢያ ወስደዋቸው ነበር፣ አይገድልም ተብለው ተመለሱ። እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው።

"ላምባ ላምባ አለኝ" አሉ በደከመ ድምፅ። "የፈረንጅ ቢራ እንደዚህ ናት ብዬ ነው። አንተ ተማርክ፣ አንተ ታውቃለህ።"

እያጽናኑኝ ነው፣ ማስታወሻዬ። የመረዝኳቸው ሰው።

ቀሪውን ጓሮ ደፋሁት።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ። ጠዋት

ትናንት አልጻፍኩም። እህል አይወርድልኝም። ሴቻ ዳር ያለው ገደል ጫፍ ሄጄ ተቀመጥኩ፣ ታች ሁለቱ ሐይቆች፣ መሐላቸው ጫካው። በልጅነቴ ሁሉን በሽታው የማውቅ ነበርኩ፤ እንግዳ ሲመጣ ከየት ሰፈር እንደመጣ እናገር ነበር። አሁን ዓለም ከመስታወት ወዲያ ናት።

አንድ ነገር ግን ገባኝ። ሰው ሁሉ እንደ ጋሽ አንጁሎ ነው። አዋቂ የሰጠውን ይጠጣል። አዲስ አበባ ነጭ ካፖርት ለብሼ ይሄ ደህና ነው፣ ይውጣ ብል፣ ይወጣል።

ጋሽ አንጁሎ ዛሬ ተነሥተዋል። ሸማቸው ላይ ናቸው። ከሩቅ እጃቸውን አነሡልኝ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ። ከሰ.

ደወልኩ። አልመጣም አልኩት። ግርማ ተቆጣ። ስሙን አስይዞ እንደጠራኝ፣ ኃላፊው ፊት ምን እንደሚል ጠየቀኝ። እውነቱን በል አልኩት። ብቅል ላይ፣ ማሞቂያ ላይ፣ እርሾ ላይ፣ አፍንጫ የማያስፈልግበት ማንኛውም ቦታ ካለ እመጣለሁ አልኩ። እየለመንኩ እንደሆነ ድምፄ ነገረኝ። የተጠየቀው ቀማሽ ነው፣ ሌላውን ሞልተናል አለ። ከዚያ ለስለስ ብሎ፣ አስቴርን ሰላም በልልኝ አለና ዘጋ።

አበቃ። ሳጥን እረከባለሁ፣ ሳጥን አስረክባለሁ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ። ማታ 12፡30

አስቴር ከመዘምራን ልምምድ ቶሎ ተመለሰች። አሟት እንደሁ ጠየቅሁ። ከመዝሙር ታግጃለሁ አለች። ለቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ራሷ ሄዳ ጠጥቻለሁ ብላ ተናገረች። ያየሽ ሰው አለ እንዴ አልኳት።

"ማንም አላየኝም። ግን አፌን ከፍቼ መዘመር አቃተኝ።"

ለምን ጠጣሽ ብለው ጠይቀዋታል። አልነገረቻቸውም። የታመመ ባሌን ልረዳ ነው ብትል ያዝኑላት ነበር፤ ታዲያ ሰዉ ሁሉ አፍንጫህን ያወራ ነበር አለችኝ። እስኪፈቱኝ ድረስ፣ አለች፣ ከኋላ አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። ከሌሎች ከታገዱት ጋር። ሰው ሲገባም ሲወጣም ያየናል።

ሥራው እንደቀረ ታውቃለች። ለማይሆን ነገር አጠፋሁሽ አልኳት።

"የስንዴው ጥሩ ነበር" አለች። ልብስ ልትተኩስ ተነሣች።

ቦክ ቀርቷል። ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት፣ አትቀምሺም ወይ አልኳት። ከእንግዲህ አልቀምስም አለች፣ አንተ ግን ጠጣ፣ ይበላሻል። ከፈትኩ። ጠቆር ያለ፣ ከባድ። ምላሴ ላይ ጣፋጭ፣ ወፍራም፣ ከዚያ መረር፣ ከዚያ ደረቴ ሞቀ። ሽታ፦ የለም። እንደዚያ ብዬ ነው የምጽፈው። ሙሉውን ጠጣሁት፣ ቀስ ብዬ፣ እሷ ፊት ለፊቴ ቀሚሷን እየተኮሰች።

ኅዳር 22፣ እሑድ። ጠዋት 1፡30

አስቴር እየለበሰች ነው። የመዘምራኑን ልብስ አይደለም፣ ሰማያዊውን ቀሚስ።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ የታቦት ልጅ። ከተጋባን ወዲህ እስከ ቤተ ክርስቲያኗ በር ድረስ ሸኝቻት እመለሳለሁ፤ ገብቼ አላውቅም። ዛሬ እገባለሁ። ልለወጥ አይደለም፣ ልጸልይም አይደለም፣ ምን እንደሚባልም አላውቅም። ከኋላው አግዳሚ ላይ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሲወጡ የሚያያት ሰው እኔንም ያያል። ማነው ያጠጣሽ የሚል ካለ፣ እዚያው ነኝ። የሚቀጥለውም እሑድ፣ እስኪፈቷት።

ገና አልነገርኳትም። ጢሜን ስላጭ አይታኝ የት ልትሄድ ነው አለች፤ ጫማዬን መወልወል ጀመርኩ። አሁን በር ላይ ቆማለች፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ፣ ና ቁልፉን ተቀበለኝ እያለች፣ እኔም በሩን ቆልፌ አብሬሽ ነኝ ልላት እስክሪብቶዬን አኖራለሁ።