ሦስተኛውን ቅጽ ስላስወገዱልን

ለተከበሩ የከተማችን ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከቤተ መጻሕፍትዎ ማዶ ልብስ የምሰፋ፣ ከሥራ ስመለስ ደግሞ ዓይናቸው ለደከመ አባቴ መጽሐፍ የማነብ ደንበኛዎ ነኝ።

፩. ያንን ትራስ የሚያክል ዘመን ተሻጋሪ ልብ ወለድ ለእጃችን አዝነው በሦስት ቅጽ ስላስጠረዙልን ምስጋናዬ ይድረስዎ። አልዋሽዎትም፣ አጀማመሩ ፈተና ነበር። የአንድ ግብዣ መሰናዶ ብቻ አርባ ገጽ ይፈጃል፤ እስከ መቶኛው ገጽ ድረስም ከማዕዱ የተነሣ ሰው የለም። ሁለት ጊዜ ልተወው ብዬ ያስቀጠሉኝ አባቴ ናቸው።

፪. መጽሐፉ በሰባት ቀን ይመለስ፣ ከዚያም ሳምንት መደርደሪያ ላይ ይረፍ የሚለው ደንብዎ ለመጽሐፉ ጤና እጅግ ተስማምቶታል። እሱ ባረፈ ቁጥር እኔም ስለማርፍ፣ ሁለቱን ቅጽ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። በዚህ መሀል ግን፣ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ከሰው ጋር ማውራት ትተው የነበሩት አባቴ፣ ገና በሩን ስከፍት ያቺ ቤቷን ልትቀማ የተከሰሰች መበለት ምን ደረሰች ብለው ይጠይቁኝ ጀመር። ጎረቤት ሲመጣም አስቀምጠው ክርክሩን ያስረዱታል፣ የከሳሽን ጠበቃ ያሙለታል። አባቴን መልሼ አገኘኋቸው፤ ይህን ያለ ምንም ቀልድ ነው የምጽፍልዎ።

፫. ሁለተኛው ቅጽ የሚያልቀው ዳኛው ፍርዱን ሊያነቡ መነጽራቸውን ሲያደርጉ ነው። ባለፈው ሰኞ ሦስተኛውን ልዋስ ስመጣ፣ ሁለት ዓመት ማንም ያልተዋሰው መጽሐፍ ይወገዳል በሚለው ሌላው ደንብዎ መሠረት መወገዱን ሠራተኛዎ በትሕትና ነገሩኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ እኮ እየመጣሁ ነበር፤ ሲያዘገየኝ የከረመው የመጀመሪያው ደንብዎ ነው።

ለአባቴ እስካሁን አልነገርኳቸውም፤ ጨከን ብዬ መናገር አቃተኝ። ጉሮሮዬን አሞኛል እያልኩ ሳመልጣቸው ሰነበትኩ፤ እሳቸው ደግሞ ማር አስገዝተው ይጠብቁኛል። ስለዚህ ቅጹ ምናልባት አንድ መጋዘን ጥግ ተጥሎ እንደሆነ ይፈልጉልኝ ዘንድ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

መደርደሪያዎ ከአቧራ፣ ጸጥታዎም ከአንባቢ የተጠበቀ ይሁን እያልኩ፣ ከስፌት መኪናዬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአንደኛው ቅጽ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ፣ የዛሬ ስድስት ዓመት በእርስዎ ስም የተጻፈ የስብሰባ ጥሪ እንደ ዕልባት ተሰክቶ አገኘሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለማንበብ ጊዜ አጥተው ከሆነ፣ አባቴ እስከ ሁለተኛው ቅጽ ማብቂያ ድረስ በቃላቸው ሊተርኩልዎ ይችላሉ። መጨረሻውን ግን እርስዎ ይዘውላቸው ይምጡ።